ያየነውና የገመትነው

በዚህ ዓምድ ስለ ቤተ ሰብ ሰላምና ስለ ልጆች አስተዳደግ በየጊዜው ጥቂት ምክር ስናቀርብ መቈየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ የቤትን ሰላምና የጎረቤትን ፍቅር ከሚያናጉት ነገሮች መካከል ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፈውን አንዱን እናነሣለን። ይኸውም ሰው ያየውን ነገርና ስላየው ነገር የገመተውን ለይቶ አለማወቁ ነው።

ሰው በዐይኑ የሚያየውና በጆሮው የሚሰማው ጥቂት ነው፤ በልቡ የሚጨምርበት ግን ብዙ ነው። ጭስ ሲያይ እሳት አለ ይላል፤ ደመና ሲከብድ ዝናም ይመጣል ይላል፤ የጎረቤቱን በር በጧት ተዘግቶ ቢያገኘው ሰዎቹ ወደ ገበያ ወርደዋል ይላል። እንዲህ ያለ ግምት ባይኖር ኑሮ አይገፋም ነበር። በጨርጨር ተራራ ላይ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ዝናሙ እንደሚመጣ ካልገመተ ዘሩን ከጎተራ አያወጣም። እንግዲህ መገመት በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የሚመጣው ግምታችን ግምት መሆኑን ረስተን በዐይናችን እንዳየነው ነገር አድርገን ስንይዘው፥ ከዚያም አልፈን በእርሱ ተመርኵዘን በሰው ላይ ስንፈርድ ነው።

የዮሴፍ ሁለት ልብሶች

በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈውን የዮሴፍን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሁለት ልብሶች አሉ፤ ሁለቱም ምስክር ሆነው ቀርበዋል፤ ሁለቱም አሳስተዋል።

አንደኛው፥ ወንድሞቹ በፍየል ደም ነክረው ወደ አባታቸው ወደ ያዕቆብ ያመጡት ቀሚስ ነው። ያዕቆብ ልብሱን አወቀው፤ በእውነትም የልጁ ልብስ ነበር። ደሙንም አየ፤ በእውነትም ደም ነበር። ክፉ አውሬ በላው የሚለውን ግን አላየውም፤ ከራሱ ጨመረው እንጂ። ልብ እንበል፤ ወንድሞቹ ለአባታቸው ልብሱ የልጁ መሆኑንና አለመሆኑን እንዲለይ ነገሩት እንጂ ስለ አውሬው አንዲት ቃል እንኳ አልተናገሩትም። የጀመሩትን ሐሰት የፈጸመላቸው የአባትየው ግምት ነው። በዚህም ምክንያት ያዕቆብ በሕይወት ላለ ልጅ ብዙ ዘመን አለቀሰ።

ሁለተኛው፥ በጲጥፋራ ሚስት እጅ የቀረው ልብስ ነው። ጌታው ልብሱ የዮሴፍ መሆኑን አላጣውም። ነገር ግን ልብስ በዚያ ቦታ እንዴት እንደ ቀረ ራሱ ልብሱ አይናገርም። ከኀጢአት የሸሸ ሰው የጣለው ልብስና ኀጢአት ሊሠራ የገባ ሰው ያወለቀው ልብስ መሬት ላይ ወድቀው ቢያዩአቸው አንድ ናቸው። ጲጥፋራም የሚስቱን ቃል ሰማ፤ የዮሴፍ ቃል እንደ ተሰማ ግን መጽሐፉ አይነግረንም። ንጹሑ ሰው ወደ ወኅኒ ወረደ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ልብሶች የምንማረው ነገር ምንድን ነው? ማስረጃው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ነው። በማስረጃውና በፍርዱ መካከል ማንም ሳያየው የምንሻገረው አንድ ድልድይ አለ፤ ያም ድልድይ ግምት ነው። አስተዋይ ሰው ከመሻገሩ በፊት ድልድዩ ይችለው እንደ ሆነ በእግሩ ነካ አድርጎ ይሞክረዋል።

ከጭሮ እስከ ሚኤሶ

ይህን ነገር ወደ ዕለት ኑሯችን አምጥተን እንመልከተው። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ጭሮ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ሚኤሶ ግን የባቡር ሐዲድ በሚያልፍበት በቆላው ናት። ከጭሮ በመኪና ቍልቍል የወረደ ሰው ብዙም ሳይቈይ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል።

እንግዲህ አንድ የጭሮ ነጋዴ በመስከረም ወር ለንግድ ወደ ሚኤሶ ወርዶ ጥቂት ቀን ሰነበተ እንበል። ማታ ማታ በደጅ ተቀምጦ ይጫወታል፤ የበቆሎ እሸት ተጠብሶ ሲቀርብለትም ይበላል። ወደ ቤቱ ከተመለሰ ከዐሥር ቀን በኋላ ብርድ ብርድ አለው፤ አንቀጠቀጠው፤ ትኵሳትም ያዘው። ባለቤቱ «ያ የበላኸው እሸት ነው!» ትለዋለች። ይህን ግምት እርሷ አልፈጠረችውም። በብዙ የአገራችን ክፍል ወባን ከበቆሎ እሸት ጋር የሚያያይዝ እምነት ኖሯል። እምነቱም እንዲሁ የተነሣ አይደለም፤ እሸት የሚደርሰው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ የወባ ትንኝም የምትበዛው ዝናሙ ባቆረው ውሃ ውስጥ ተራብታ በዚያው ወራት ነው። ሁለቱ ነገሮች አብረው ስለ መጡ ሰው አንዱን የሁለተኛው አባት አደረገው። አውራ ዶሮ ከጮኸ በኋላ ፀሐይ ትወጣለች፤ ነገር ግን ፀሐይን የሚያወጣት ዶሮው ነው የሚል ማንም የለም።

የዚህ ስሕተት ዋጋው ቀላል አይደለም። ሰውየው በሚመጣው ዓመት ወደ ሚኤሶ ሲወርድ እሸቱን አልበላም ይላል፤ እሸቱን ስለ ተወም ደኅና ነኝ ብሎ ያለ አጎበር ይተኛል። ሐሰተኛው ምክንያት እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍንበታል።

በዚህ ነገር የተሳሳተው የእኛ አገር ሰው ብቻ እንዳይመስለን። ማላሪያ የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያኖች ቋንቋ ክፉ አየር ማለት ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ብዙ ዘመን በሽታውን የሚያመጣው ከረግረግ የሚነሣው ሽታ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሮናልድ ሮስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር ሳለ በ1889 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1897) የወባን ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ የክፉው አየር ነገር ቀረ። ስሙ ግን የቀድሞው ግምት መታሰቢያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ሌላም ግምት ነበር፤ ይኸውም ወባ የቆላ በሽታ ስለ ሆነ የደጋን ሰው በአገሩ አይነካውም የሚለው ነው። ከ1950 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1951 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያላቸውን አገሮች ሳይቀር ወረረ። በግምት 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመሙ፤ 150,000 ያህልም ሞቱ። በሽታውን ለምደውት የማያውቁት የከፍተኛው አገር ሰዎች ሰውነታቸው የመከላከል ኀይል ስላልነበረው ጉዳቱ ጸናባቸው። እስከ ትናንት አልደረሰም ማለት ለነገ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ አስረጅ አያስፈልግም።

ነገር ግን የበቆሎው ታሪክ በዚህ አያበቃም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በምዕራብ ጎጃም በቡሬና በሌሎችም ቦታዎች በቆሎ በብዛት በሚዘራበት አካባቢ ወባ ለምን እንደሚበረታ መረመሩ። የበቆሎው አበባ ብናኝ በነፋስ ተነሥቶ በአቅራቢያው ባለው ኵሬ ላይ ይወድቃል፤ የትንኟ ዕጮችም ብናኙን ተመግበው በቶሎ ያድጋሉ፤ ብዙዎቹም ይተርፋሉ። እንግዲህ እሸት መብላት ወባን አያመጣም፤ በቆሎው በመኖሪያ ቤትና በኵሬ አጠገብ መብዛቱ ግን ትንኟን ይረዳታል። ቀደምት እናቶቻችን በቆሎና ወባ አብረው መምጣታቸውን ያዩት በእውነት ነው፤ የተሳሳተው ከዚያ በላይ የጨመሩት ምክንያት ነው። ከዚህ የተነሣ፥ ግምትን መመርመር ማለት የአባቶችንና የእናቶችን ቃል መናቅ ማለት እንዳልሆነ ልንገነዘብ ይገባናል። የሚመረምር ሰው ከቃሉ ውስጥ የታየውን ይጠብቃል፤ የተጨመረውን ይለያል።

ስለ ጓያም የሚነገረው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጓያን አብዝቶ ለብዙ ጊዜ የተመገበ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል፤ ይህንም የሚያደርገው በእህሉ ውስጥ ያለው መርዝ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደንቢያና በፎገራ ስለዚህ በሽታ ሰፊ ጥናት አድርገዋል። በብዙ ገበሬዎች ዘንድ ግን ሰው የሚያመው ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም በማሳው ውስጥ ከማለፍ ነው የሚል እምነት ነበር። ስለዚህ እናት ልጆችዋን ከእንፋሎቱ ታርቅና ከገበታው ታቀርባለች። ፍቅርዋ እውነተኛ ነው፤ ጥንቃቄዋም እውነተኛ ነው፤ የቆመችበት ግምት ግን ልጆችዋን ለጕዳት አሳልፎ ሰጠባት።

ቀለበት በጠፋ ጊዜ

በሽታን በሚመለከት የሚደርሰው ስሕተት ገላን ይጎዳል። ሰውን በሚመለከት የሚደርሰው ስሕተት ግን ገላንም ስምንም ነፍስንም ይጎዳል።

በአንድ ቤት ውስጥ የእመቤቲቱ የጋብቻ ቀለበት ጠፋ እንበል። በቤቱ የምታገለግል ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። እመቤቲቱ ጠርታ ስትጠይቃት ልጅቱ ደነገጠች፤ ድምፅዋ ተቈራረጠ፤ ዐይንዋንም ወደ መሬት ሰበረች። ወዲያው «አያችሁ፤ የሰረቀ ሰው እንዲህ ይሆናል!» ይባላል። ይህን ሙግት ከፍለን እንየው፤ የሰረቀ ይደነግጣል፤ እርስዋ ደንግጣለች፤ ስለዚህ ሰርቃለች። ቀጥ ያለ ይመስላል። ነገር ግን የሚደነግጠው የሰረቀ ብቻ ነውን? ከእንጀራዋ እንዳትባረር የምትፈራ፥ ዘመድ በሌላት ከተማ የምትኖር የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ንጹሕ ብትሆንም ትደነግጣለች። ዝናም ሲዘንብ መሬት ይርሳል፤ መሬት የራሰው ሁልጊዜ በዝናም ነው ማለት ግን አይደለም፤ ልብስ ያጠበች ሴት ውሃውን ደፍታው ይሆናል።

ልጅቱ ልብስዋን በፌስታል ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ከሄደች በኋላ ቀለበቱ በዱቄት ዕቃ ውስጥ ቢገኝስ? ዕቃው ይመለሳል፤ ስምዋ ግን በሰፈሩ ሁሉ ሌባ ተብሎ ቀርቷል። እመቤቲቱ ሊጥ ስታቦካ ቀለበትዋን እንደምታወልቅ አስቀድማ አስባ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል የሌባ መፈለጊያ ልማድ ነበር። ለአንድ ብላቴና አእምሮ የሚያስት መድኃኒት ይሰጡትና በመንደሩ ውስጥ ይለቁታል፤ እርሱም እየተንገዳገደ ሄዶ ከገባበት ቤት ወይም ከወደቀበት ደጃፍ ያለው ሰው የጠፋውን ዕቃ እንዲከፍል ይፈረድበት ነበር። ይህ ልማድ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ የሰማ ሁሉ ይገረማል። ነገር ግን ልጅቱ ስለ ደነገጠች ሌባ ናት ብሎ የሚፈርድ ሰው ከሌባ ሻዩ በምን ይለያል? በዚያን ዘመን መድኃኒት የጠጣው ብላቴናው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ቍጣ የጠጣው ፈራጁ ራሱ ነው።

መውጫ የሌለው ሙግት

ከሁሉ የከፋው ሙግት የተከሰሰው ሰው ምንም ቢናገር ምንም ቢያደርግ ከክሱ መውጫ የማያገኝበት ነው። ለዚህ ዋናው ምሳሌ በአገራችን በእጅ ሥራ ባለሙያዎች ላይ ሲነገር የኖረው የቡዳ ስም ነው። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣውን፥ ሸክላ ሠርታ ምጣድና ድስት የምታቀርበውን ሰው ሕዝቡ በሥራው እየተጠቀመ በስሙ ይሸሸው ነበር። አንድ ልጅ በታመመ ጊዜ ባለሙያው በመንገድ አልፎ ከነበረ ምስክሩ ተገኘ ይባላል። አላደረግሁም ቢል፥ መቼ ያምናል ይሉታል። ዝም ቢል፥ አያችሁ መልስ አጣ ይሉታል። ልጁ ቢድን፥ ስለ ታወቀበት ለቀቀው ይሉታል፤ ባይድን፥ ጨረሰው ይሉታል። መካዱም ዝምታውም፥ የልጁ መዳንም መሞትም እኩል ማስረጃ ከሆኑ፥ እንግዲያውስ ከእነዚህ አንዱም ማስረጃ አይደለም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። አገር የሚለማው በሠራተኛ መሆኑን ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተው ነበርና። ይሁን እንጂ አዋጅ ምላስን ያስፈራል እንጂ በልብ ውስጥ የተቀመጠውን ግምት ገብቶ አይመረምርም። ያን የሚመረምር ባለቤቱ ብቻ ነው። ዛሬም በየቤታችን አንድ ሰው የሚናገረውን ሁሉ በክፉ ስንተረጕመው፥ ሰላምታ ቢሰጥ ተንኰል ነው፥ ባይሰጥ ትዕቢት ነው ስንል፥ በዚያው በአሮጌው መንገድ እየሄድን መሆናችንን ማወቅ ይገባናል።

አንዱን በሁሉ

በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶ፥ በአሰቦትና በሚኤሶ የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ልዩ ልዩ ቋንቋና ሃይማኖት ካላቸው ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በኀዘን ጊዜ አብረው ይቀመጣሉ፤ ልጆቻቸውም በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። እንዲህ ባለ አገር የግምት ስሕተት ጕዳቱ እጥፍ ነው። አንድ ሰው በገበያ ቢያታልለን ያታለለን ያ ሰው ነው። ነገር ግን ስሙን ትተን «እነዚህ ሰዎች እኮ» ብለን የጀመርን እንደ ሆነ፥ አይተናቸው በማናውቃቸው በብዙ ሺሕ ሰዎች ላይ ፈረድን ማለት ነው። የራሳችን ወገን ሲያታልለን ግን «እርሱ ልማዱ ነው» ብለን በአንዱ ላይ ብቻ እንወስነዋለን። አንዱን በአንድ መስፈሪያ ሌላውን በሌላ መስፈሪያ መስፈር በገበያ ቢሆን ወንጀል በተባለ ነበር።

በተለይም ክፉ ነገር በደረሰ ጊዜ ጥያቄያችንን እንመርምር። በ2004 ዓ.ም. በአሰቦት ደብረ ወገግ ቅድስት ሥላሴ ገዳም ዙሪያ ያለው ደን በተቃጠለ ጊዜ የብዙ ምእመናን ልብ ተነክቷል፤ ለማጥፋትም ብዙዎች ተራራውን ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ነገር በተሰማ ጊዜ ከሰው አፍ የሚቀድመው ጥያቄ «ማን አቃጠለው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልሱን ገና ሳይሰማ አንድ ነገር ወስኗል፤ እሳቱን ሆን ብሎ የለኰሰ ሰው አለ ብሎ። በበጋ ወራት በደረቀ ደን ውስጥ እሳት ከከሰል አክሳይ፥ ከማር ቈራጭ ጭስ፥ ከእረኛ ምድጃ፥ ወይም ደግሞ ከክፉ ሰው እጅ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ መቅደም ያለበት «እሳቱ ከወዴት ተነሣ? እንዴትስ ተነሣ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ማን የሚለው ከዚያ በኋላ፥ ያውም የሚያስፈልግ ሆኖ ከተገኘ፥ በሥርዓት የሚጠየቅ ነው። የጥያቄው ተራ ሲዛባ ቍጣው እውነቱን ቀድሞ ወደ ጎረቤት ደጃፍ ይደርሳል።

ዛሬ ወሬ በእጅ ስልክ የሚተላለፍ ስለ ሆነ ይህ ጥንቃቄ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል። አንድ ወሬ ከአምስት ሰዎች ሲደርሰን አምስት ምስክር ያገኘን ይመስለናል። አምስቱም የሰሙት ከአንድ ሰው እንደ ሆነ ግን ምስክሩ አንድ ብቻ ነው፤ ያም አንዱ ያላየ ከሆነ ምስክር የለም። ካለ እሳት ጭስ የለም የሚለው ተረትም በዚህ ቦታ አይሠራም፤ የወሬ ጭስ ያለ እሳትም ይጨሳልና።

በመላጥያ ደሴትና በሰሊሆም መንገድ

በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ እንደ ተጻፈው፥ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ በመላጥያ ደሴት በወጣ ጊዜ ከጭራሮው መካከል እፉኝት ወጥታ በእጁ ላይ ተንጠለጠለች። የደሴቲቱ ሰዎች ይህን አይተው ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት አሉ። ብዙ ጊዜ ጠብቀው ምንም እንዳልሆነ ባዩ ጊዜ ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ያዩት እባብና አንድ እጅ ነው፤ ፍርዳቸው ግን ከነፍሰ ገዳይነት ወደ አምላክነት ተገለበጠ። ከሁለቱም ሳይሆን በእግዚአብሔር የተጠበቀ ሰው ሊሆን እንደሚችል ማንም አላሰበም።

በዮሐንስ ወንጌል ዘጠነኛው ምዕራፍ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ጌታችንን ሲጠይቁት ኀጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው ሁለት መንገድ ብቻ አቀረቡ። ጌታም ከሁለቱ አንዱን መርጦ አልመለሰላቸውም፤ ሁለቱንም ዘግቶ ያላሰቡትን ሦስተኛውን አሳያቸው፤ ዕውሩንም ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ ላከው። አካል ጉዳተኛ ልጅ ያላት እናት በጎረቤት ዘንድ ምን ኀጢአት ሠርታ ይሆን ተብሎ ሹክሹክታ ሲሰማ ይህን ምዕራፍ ማስታወስ ይገባል። ጥያቄው ያን ጊዜ ተጠይቆ፥ በራሱ በጌታችን ቃል ተሽሯል።

አንድም ማለት

ለዚህ ሁሉ ደዌ መድኃኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የመጻሕፍት መምህራን በአንድምታ ትርጓሜ አንድን ንባብ አንድ ጊዜ ከፈቱ በኋላ አንድም እያሉ ሌላውን ፍች ያስከትላሉ። ተማሪውም መጀመሪያ በመጣለት ፍች ላይ እንዳይቆም በዚህ ይለምዳል። ይህን ልማድ ከመጻሕፍት ጉባኤ ወደ ቤታችን ብናመጣው ትልቅ ጥቅም እናገኝበታለን። ልጁ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ ሲመጣ፥ በጨዋታ ዘግይቶ ይሆናል፤ አንድም፥ መምህሩ አቈይቶት ይሆናል፤ አንድም፥ በመንገድ የሚያስፈራራው ልጅ ኖሮ ዞሮ መጥቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ፍች ላይ ቆሞ ዱላ ያነሣ አባት ሦስተኛውን ላይሰማ ይችላል። ልጁም ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራውን ለአባቱ አይነግርም።

ምስክር ሲቀርብ ደግሞ ምን ዐይነት ምስክር መሆኑን እንመርምር። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ ተቀምጠው ጨርጨርን ያስተዳደሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሕፃንነታቸው በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በ1860 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ተለይተው በእንግሊዝ የጦር መኰንን ወደ ሕንድ አገር ተወስደው ነበር። በዚያም አድገው ቻርልስ ማርቲን ተብለው ሕክምና ተማሩ። ከሠላሳ ዓመት ያህል በኋላ ወደ አገራቸው በመጡ ጊዜ አያታቸው ቀርበው የልጅ ልጄ ነው አሉ። መልኩ ይመስላል ብለው ብቻ አልቀሩም፤ በአካላቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ምልክት አድርገው ተናገሩ፤ ምልክቱም ተገኘ። የዚህን ምስክርነት ብርታት ከዮሴፍ ቀሚስ ጋር እናነጻጽር። ቀሚሱ ለብዙ ዐይነት ታሪክ ይስማማል። ጠባሳው ግን ባይገኝ ኖሮ የአያትየው ቃል በዚያው በፈረሰ ነበር። ሐሰት ቢሆን ሊታወቅ የሚችል ቃል በተፈተነ ጊዜ ጸንቶ ሲገኝ እምነት ሊጣልበት ይገባል።

እንግዲህ ወላጆች በቤታቸው ሦስት ጥያቄዎችን ያስለምዱ ዘንድ እንመክራለን። አንደኛ፤ ያየሁት የትኛው ነው? የጨመርሁበትስ የትኛው ነው? ሁለተኛ፤ ለዚሁ ነገር ሌላ ምክንያት ሊኖር አይችልምን? ሦስተኛ፤ የተከሰሰውን ሰው ቃል ሰምቻለሁን? በመጽሐፈ ምሳሌ ዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ እንደ ተመለከተው፥ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ባላንጣው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ጻድቅ ይመስላል።

እዚህ ላይ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ የሚከራከረን አይጠፋም። እኛም ጥንቃቄን አንነቅፍም፤ በርን መቈለፍ፥ ገንዘብን መቍጠር፥ ልጅን ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ መልካም ነው። ነገር ግን መጠርጠር የምርመራ መጀመሪያ ነው እንጂ የፍርድ መጨረሻ አይደለም። ሁሉንም የሚያምን ሰው ይታለላል፤ ሁሉንም የሚጠረጥርም እንዲሁ ይታለላል፤ ሁለቱም የመመርመርን ድካም ሸሽተዋልና።

ዘር ከልጓም ይስባል የሚለውንም ተረት በልጆች ፊት ባንደጋግመው ይሻላል። አባቱ ሰካራም ስለ ነበረ ልጁም ይሰክራል፥ እናትዋ አልተማረችምና ልጅትዋም ለትምህርት አትሆንም ብሎ አስቀድሞ የፈረደ ሰው፥ ያን ልጅ ሳይረዳው ይቀርና ልጁ ሲወድቅ «ብያችሁ አልነበረምን?» ይላል። ግምቱ እውነት ሆኖ የተገኘው ግምቱ ራሱ ስላጠፋው ነው።

በመጨረሻ፥ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ቤተ ሰብ አንድ ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። በዚህ ሳምንት ማታ ገበታው ከፍ ካለ በኋላ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ፥ በቤት ውስጥ ስለ አንድ ሰው ሲነገር የሰነበተ አንድ ክፉ ወሬ ይነሣ። ከልጆች ታናሹ «ይህን ያየ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ታላላቆቹም በእውነት ይመልሱለት። ያየ ሰው ካልተገኘ ወሬው በዚያ ገበታ ላይ ይቁም፤ የተወራበትም ሰው በነጋታው በመንገድ ሲገኝ ሰላምታ አይከልከል። ለዚህ የሚያበቃንን ማስተዋል እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።